አሥራ ሦስቱ ሰዎችና የእኛ ሰፈር

በዚህ ወር ላነሣላችሁ የፈለግኩት ጉዳይ የአገር ቤት ፖለቲካ አይደለም። እሱን በየቡና ቤቱና በየታክሲ ተራው ከበቂ በላይ እየተነጋገርንበት ስለሆነ ለጊዜው እዚያው እንተወው። የእኔ ጉዳይ ቀረብ ያለ ነው። ከደጃችሁ ፊት ለፊት የተቦረቦረው አስፋልት የሚጠገነው፣ ልጃችሁ ለሚማርበት ክፍል መምህር የሚቀጠረው፣ በሰመር ሙቀት ልጆች የሚንቦጫረቁበት የዋና ገንዳ የሚከፈተው በማን ፈቃድና በማን ገንዘብ ነው? “በመንግሥት ነዋ!” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የትኛው መንግሥት?

ወገኖቼን በታክሲዬ ስጭን አንዳንድ ጊዜ ለጨዋታ ያህል እጠይቃለሁ። የአገር ቤቱን ካቢኔ ከነምክትሎቹ ይዘረዝሩልኛል፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደተሾመ ሳይቀር። “የዋርድዎ የምክር ቤት አባል ማን ይባላሉ?” ስል ግን መኪናው ጸጥ ይላል። ይህን የምለው ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ሁለት ሥራ ሠርቶ እኩለ ሌሊት ቤቱ የሚገባ ሰው የምክር ቤት ስብሰባ የሚከታተልበትን ጊዜ ከየት ያመጣል? ነገር ግን ይህ ሰው ግብሩን ከፍሏል። የራሱ ቤት ባይኖረውም በሚከፍለው ኪራይ ውስጥ የባለቤቱ የንብረት ግብር አለ፤ በሚገዛው ዕቃ ላይ የሽያጭ ታክስ አለ፤ የገቢ ግብሩም ገና እጁ ሳይገባ ተቆርጧል።

እንግዲህ የምናገረው ስለምኖርባት ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ የእናንተ አሠራር የተለየ መሆኑን አትርሱ። ለምሳሌ በአሌክሳንድሪያ የከተማው ምክር ቤት ለትምህርት ቤቶች ገንዘቡን ይመድባል እንጂ እንዴት እንደሚወጣ የሚወስነው ሕዝብ የመረጠው ሌላ የትምህርት ቦርድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሲ ክፍለ ሀገር አይደለችም፤ በክፍለ ሀገር ሥር ያለች ከተማም አይደለችም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል ነዋሪዋ የራሱን ከንቲባ አልመረጠም። በ1973 ሆም ሩል የሚባለው ሕግ ወጣ፤ በ1974 ሕዝቡ በድምፁ አጸደቀው፤ በጃንዋሪ 1975 የተመረጡት ከንቲባና ምክር ቤት ሥራ ጀመሩ። ምክር ቤቱ እኔን የሚበልጠኝ በሁለት ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። አባላቱ 13 ናቸው። ስምንቱ ከስምንቱ ዋርዶች ይመረጣሉ፤ አራቱና ሊቀ መንበሩ ደግሞ በመላው ከተማ ድምፅ ይመረጣሉ። ስለዚህ በዲሲ የሚኖር ማንኛውም ሰው ስድስት ወኪሎች አሉት። አንዱ የዋርዱ፣ አምስቱ የሁሉም። የሚሰበሰቡት በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ቁጥር 1350 ባለው የጆን ዊልሰን ሕንፃ ነው። ሕንፃው በ1908 የተሠራ ነው፤ ስሙ የወጣለት በ1993 ለሞቱት የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ነው። እኛ ታክሲ ነጂዎች በቀን ስንት ጊዜ በፊቱ እናልፋለን። በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል እንጂ “ምን ፈልገህ መጣህ?” የሚል ዘበኛ የለም።

ከምክር ቤቱ በላይ ኮንግረስ አለ። ከተማዋ በገንዘብ ችግር ስትወድቅ በ1995 ኮንግረስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ሾመባት፤ ቦርዱ ሥራውን እስከ 2001 ይዞ ቆየ። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ትልቅ ሹመት አለ፤ ይኸውም ከከንቲባውም ከምክር ቤቱም ነፃ የሆነው ዋና የፋይናንስ ኃላፊ ነው። እሱ “ገንዘብ የለም” ካለ የለም ነው። በማርች 2025 ደግሞ ኮንግረስ የፌዴራሉን በጀት ሲያጸድቅ ለዲሲ ዘወትር ይገባ የነበረውን አንቀጽ አስቀረውና ከተማዋ በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ወደ ቀደመው ዓመት ወጪ እንድትመለስ አስገደዳት። ልዩነቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህ ገንዘብ የዋሽንግተን እርዳታ እንዳይመስላችሁ፤ ነዋሪው ራሱ የከፈለው ግብር ነው። ሴኔቱ የሚያስተካክለውን ሕግ አሳለፈ፤ የተወካዮቹ ምክር ቤት ግን ሳያነሣው ቀረ። ከተማዋ ቅጥር አቁማ፣ ከዚህም ከዚያም ቆንጥራ ነው ዓመቱን የጨረሰችው። እንዲህ ዓይነት ዓመት ሲመጣ መቀስ መጀመሪያ የሚያርፈው ድምፅ በሌለው ሰው ቤት ላይ ነው። ለዚህም ነው ነገሩን ማንሣቴ።

እስቲ ከማውቀው ከመንገዱ ልጀምር። እኔ በ2006 ታክሲ መንዳት ስጀምር ሜትር አልነበረም። ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ፣ ካርታው ከወንበር ጀርባ ተለጥፎ፣ ዋጋው ስንት ዞን ተሻገርን በሚል ይሰላ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ለነበረ ሰው አስደሳች ሥራ ነው፤ ለቱሪስቱ ግን ሁልጊዜ የተጭበረበረ ይመስለው ነበር። በኮንግረስ ግፊት ከንቲባው በ2007 ወሰኑና በ2008 ሜትር ገባ። በ2012 ምክር ቤቱ ሌላ ሕግ አወጣ፤ የካርድ ማንበቢያው፣ አዲሱ የጣሪያ መብራት፣ ሁላችንን አንድ ያስመሰለን ቀይ ቀለም የመጡት ከዚያ ሕግ በኋላ ነው።

በዚያው በ2012 ጁላይ ላይ አንድ የምክር ቤት አባል በስልክ ለሚጠሩት መኪኖች ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰን የሚል ማሻሻያ አቀረቡ። ኩባንያው ለደንበኞቹ መልእክት ላከ። በአንድ ቀን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር የኢሜይል ተቃውሞ በአባላቱ ላይ ዘነበባቸውና ማሻሻያው ተነሣ። በኦክቶበር 2014 እነዚያን መኪኖች ሕጋዊ የሚያደርገው ሕግ ለድምፅ ሲቀርብ ታክሲ ነጂዎች በፔንሲልቬኒያ ጎዳና መኪና አቁመን ክላክስ ነፋን። ድምፃችን ሰማይ ደረሰ። ሕጉ ግን በሰፊ ድምፅ ጸደቀ። የቀኑ ክላክስ የደረሰው ነገሩ በኮሚቴ ከተበሰለ በኋላ ነበር። አንድ ረቂቅ መጀመሪያ ለኮሚቴ ይመራል፤ እዚያ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ ኮሚቴው እየቆረጠና እየቀጠለ ያስተካክለዋል፤ ወደ ሙሉው ምክር ቤት ሲመጣ የአብዛኛው አባል ሐሳብ ተወስኗል። መጥኖ መደቆሱ ያለው ኮሚቴው ጋ ነው። ከኛ መካከል በኮሚቴው ቀን የተገኙ ጥቂት ብርቱዎች እንደነበሩ መካድ አይገባኝም፤ ነገር ግን አንድ ታክሲ ነጂ በሥራ ቀን መኪናውን ማቆሙ የቀን ገቢው መቅረቱ ነው። ኩባንያው ደግሞ በደመወዝ የሚከራከር ሰው አለው። ውድድሩ እኩል አልነበረም።

ሕግ መውጣቱ ብቻም አይበቃም። በዲሴምበር 2022 ምክር ቤቱ የከተማው አውቶቡስ በነፃ እንዲሆን የሚያዝ ሕግ አንድም ተቃውሞ ሳይኖር አሳለፈ። ሌሊት ሆቴል አጽድተው የሚመለሱ እኅቶቻችን “ተገላገልን” ሲሉ ሰምቻለሁ። የሕጉ መጨረሻ ላይ ግን “በጀት ሲገኝ” የሚል ሐረግ ነበር። በጀቱ አልተገኘም፤ አውቶቡሱም ነፃ ሳይሆን ቀረ። ይባስ ብሎ በአንድ ዶላር ከጆርጅታውን ዩኒየን ስቴሽን ያደርስ የነበረው ቀዩ ሰርኩሌተር አውቶቡስ፣ ከ2005 ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ2024 መጨረሻ ጨርሶ ቆመ። እሱን ያስቆመው የበጀት ውሳኔ ነው። ስለዚህ ከሕጉ አርእስት ይልቅ በጀቱን ማየት ነው። ስለ ፍጥነት ካሜራው አታስጀምሩኝ፤ እሱን ካነሣሁ ይህ ገጽ አይበቃኝም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ስድስት ዓመት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። በአንድ ክፍል ሰማንያ ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ። ጠመኔ ከንብረት ክፍል በቁጥር ፈርመን ነበር የምንወስደው። መጽሐፍ ለምን አልመጣም? “በጀት አልተለቀቀም።” የቤተ ሙከራው በር ለምን አይሠራም? “በጀት አልተለቀቀም።” በስድስት ዓመት ውስጥ የትምህርት ቤታችንን በጀት የያዘ ወረቀት በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ዳይሬክተራችንም ያዩ አይመስለኝም። በጀት እንደ ዝናብ ከላይ የሚጠበቅ ነገር ነበር።

እዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንት መምህር፣ ስንት አማካሪ፣ ስንት የጽዳት ሠራተኛ እንደሚያገኝ የሚያሳይ ወረቀት በየዓመቱ ማንም እንዲያየው ይወጣል። ትምህርት ቤቶቹ እስከ 2007 ድረስ በቦርድ ይተዳደሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ወደ ከንቲባው እጅ ገቡ። በማግሥቱ ዓመት 23 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚሁ በ2008 ደግሞ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት ሁሉ ነፃ ትምህርት እንዲዳረስ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የተጠቀመ ሐበሻ ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሕፃን መዋያ ዋጋን የከፈለ ያውቀዋል። እንግዲህ ትምህርት ቤቶቹ በከንቲባው ሥር ከሆኑ በኋላ፣ በወጪያቸው ላይ የመጨረሻ ቃል ያለው ሌላው የሕዝብ ተመራጭ ይኸው ምክር ቤት ነው። ከንቲባው በጸደይ ወራት በጀቱን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ 70 ቀን ያህል አለው፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል።

ገንዘቡ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ለ2025 የበጀት ዓመት ለአንድ ተማሪ መነሻው ከ14,000 ዶላር በላይ ነበር። በዚያ ላይ ተጨማሪ አለ። በ2013 በወጣ ሕግ መሠረት ቤት ለሌላቸው፣ ቤተሰባቸው የምግብ እርዳታ ለሚቀበል ልጆችና ለመሳሰሉት ይታከላል። እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅም ይታከላል፤ በአንደኛ ደረጃ የመነሻውን ግማሽ ያህል፣ ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ከዚያ በላይ። ግማሹ ከ7,000 ዶላር ይበልጣል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ልጅ ስታስመዘግቡ ከሚሰጣችሁ አንድ ቅጽ ነው፤ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው።

አንድ የማውቀው አባት ልጁን ሲያስመዘግብ አጠገቡ ነበርኩ። በቤታቸው ከአማርኛ በቀር ሌላ ቃል አይሰማም። አባትየው ቅጹ ላይ “እንግሊዝኛ” ብሎ ጻፈ። “ለምን?” ብለው “ከደካሞቹ ጋር እንዳይመድቡብኝ” አለኝ። ስሜቱ ይገባኛል። አስተማሪ ነበርኩና አንድ ወላጅ ልጁ “ደካማ” እንዳይባል የማይሆነው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ነገር ግን አማርኛ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የሚከተለው ይህ ብቻ ነበር። ልጁ ይፈተናል። ፈተናውን ካለፈ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ካላለፈ በሠለጠነ መምህር ይታገዛል፤ ወላጅ እርዳታውን አልፈልግም የማለት መብትም አለው። ሳይፈተን ሲቀር ግን ልጁም እርዳታውን አያገኝም፣ የትምህርት ሥርዓቱም ለልጁ የሚታሰበውን ገንዘብ አያገኝም። የኛ ልጆች በክፍል ውስጥ ተቀምጠው በወረቀት ላይ የሉም ማለት ነው። አባትየው በመጨረሻ ቅጹን ለውጦታል፤ ከብዙ ክርክር በኋላ።

በ2022 ምክር ቤቱ የማንኛውም ትምህርት ቤት በጀት ከቀደመው ዓመት እንዳያንስ የሚል ሕግ አወጣ። ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም የሒሳብ ሰው የሚያየው አንድ ቀዳዳ አለው። የመምህር ደመወዝ በየዓመቱ ሲጨምር በዚያው ገንዘብ የሚቀጠረው የሰው ቁጥር ይቀንሳል። ባለፉት ዓመታት በአንዱ ጸደይ የልጄ ትምህርት ቤት ወረቀት ሲወጣ የሆነው ይኸው ነበር። ድምሩ ካምናው ጥቂት ከፍ ብሏል። “ጨምሮልናል” ተባለ። ዝርዝሩን ሳየው ግን የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርቷ ቦታ ጠፍቷል። ያቺ መምህርት ለልጄም ለሌሎቹም የሐበሻና የላቲን ልጆች በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለች እናት ነበረች።

ርእሰ መምህሯን አነጋገርን፤ እሳቸውም ከእጃቸው በላይ መሆኑን ነገሩን። ከወላጆችና ከመምህራን የተውጣጣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ቡድን ነበረና እዚያ ሄድን። አንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት፣ አንድ የኛ ሰውና እኔ ሆነን በምክር ቤቱ የበጀት ጉባኤ ቃል ለመስጠት ተመዘገብን። ለአንድ ግለሰብ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ሦስት ደቂቃ! እኛ አገር ሦስት ደቂቃ ለመግቢያ እንኳ አይበቃም። ጽሑፌን ቤት ውስጥ በሰዓት እየለካሁ አምስት ጊዜ ቆረጥኩት። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የነበረው አንቀጽ ወጣ፤ ምስጋናው ወጣ፤ የቀረው ቁጥር ብቻ ነበር። አምና ስንት ልጅ፣ ዘንድሮ ስንት ልጅ፣ አምና ስንት መምህር፣ ዘንድሮ ስንት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገብተን ተራችን ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከእኔ በፊት የተናገሩት አንድ ጥሩ ልብስ የለበሱ ሰው ነበሩ፤ ጉዳያቸው በሰፈራቸው ለውሾች መሮጫ ሜዳ እንዲከለል ነው። አትሳቁ። ሰውየው ካርታ ይዘዋል፣ የጎረቤቶቻቸውን ፊርማ ይዘዋል፣ የአጥሩን ዋጋ ሳይቀር አጥንተዋል፤ ሦስት ደቂቃቸውንም አንድ ሴኮንድ ሳያባክኑ ጨረሱ። እኔ በልቤ አጨበጨብኩላቸው። እንዲህ ያለ ዝግጅት ለውሻ ከተደረገ ለልጅ ምን ያህል ሊደረግ እንደሚገባው እያሰብኩ ወደ ማይክሮፎኑ ሄድኩ። የኤል ሳልቫዶሯ እናት በአስተርጓሚ ተናገረች፤ ከኛ ሁሉ የበለጠ የተሰማችው እሷ ነበረች። አንድ የምክር ቤት አባል የልጆቹን ቁጥር ደግመው ጠየቁኝና ከወረቀቴ አነበብኩላቸው፤ ጸሐፊያቸውም ወረቀቱን ተቀበለኝ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። በሰኔው ላይ ቦታው በግማሽ ተመለሰ። ግማሽ መምህር! በሒሳብ እንጂ በሥጋ እንዴት እንደሚሆን ልጄ ጠይቃኝ ነበር። መምህርቷ በሳምንት ሁለት ቀን ተኩል እኛ ጋ፣ የቀረውን ሌላ ትምህርት ቤት ትሠራለች። በአምስት ሰዓት ጥበቃና በአንድ ቀን ገቢ ግማሽ መምህር ማግኘት ውድ ይሁን ርካሽ እናንተው ፍረዱ።

ምክር ቤቱ በሁለት እውነተኛ ፍላጎቶች መካከል የሚወስንበትም ጊዜ አለ። ሬስቶራንቶቻችን በብዛት ባሉበት በሾው ሰፈር፣ ናይንዝ ስትሪትና ሮድ አይላንድ አቬኑ ሲገናኙ፣ የቀድሞው የሾው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦታ ነበር። የሰፈሩ ወላጆች በቦታው ላይ ለሰፈሩ ልጆች አዲስ ትምህርት ቤት ሲጠብቁ፣ በተማሪዎቹ ውጤት የታወቀው ባኔከር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደዚያ እንዲዛወር ታሰበ። በ2019 ምክር ቤቱ ለባኔከር ወሰነ፤ አዲሱ ሕንፃ በ2021 ተከፈተ። የዚያን ጊዜ በየቤቱ ደጃፍ የተተከለውን ሰሌዳ እያነበብኩ አልፍ ነበር። ሁለቱም ወገን ልክ ነበር። የኛ ልጆችም በሁለቱም ወገን ነበሩ፤ በሰሌዳው ላይ ግን የኛን ፊደል አላየሁም።

ባኔከርን ካነሣሁ አይቀር፣ ከአሮጌው ሕንፃ አጠገብ፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማዶ በጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ የመዝናኛ ማዕከልና የዋና ገንዳ አለ። ስሙ በ1791 የከተማዋን ወሰን ሲቀየስ የተሳተፈው ጥቁሩ የሥነ ፈለክ ሊቅ የቤንጃሚን ባኔከር ነው። ማዕከሉ የተከፈተው በ1934 ነው። ያኔ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ገንዳ የማይዋኝበት ዘመን ነበርና፣ ይህ የጥቁሮቹ ዋና መዝናኛ ነበር። ዛሬ የከተማው ገንዳዎች ለዲሲ ነዋሪ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ የመኖሪያ ማስረጃ ማሳየት ብቻ ነው። የግል ክለብ የአባልነት ክፍያ ስንት እንደሆነ የምታውቁ፣ ይህን በነፃ የሰጠን ማን እንደሆነ አስቡት። የገንዳው ጠባቂ ደመወዝ፣ የሰዓቱ መርዘምና ማጠር፣ የሚታደስበት ዓመት፣ ሁሉም በዚያው በጀት ውስጥ ያለ መስመር ነው።

ሜዳም እንደዚሁ። እሑድ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱ ወንድሞቻችን በአንድ የሰፈር ሜዳ ላይ ዓመታት ተጫውተው፣ አንድ እሑድ ሌሎች መጥተው ፈቃድ የያዘ ወረቀት አሳዩአቸው። ጠብ ሊነሣ ነበር። “እኛ እዚህ ስንጫወት ስንት ዓመታችን!” ቢሉም ሜዳው የወረቀቱ ነበር። ፈቃዱ በየወቅቱ የሚሰጥ ነው፤ የማመልከቻ ቀን አለው። አሁን አንዱ ልጅ ቀኑን ይከታተላል፤ ሌላ ሰዓት አግኝተዋል።

ድምፅ መስጠትን በተመለከተ ደግሞ በጥንቃቄ የምናገረው ነገር አለ። በ2022 ምክር ቤቱ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በከተማው ምርጫ ብቻ ድምፅ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በጁን 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሕግ ድምፅ ተሰጠ። በኮንግረስ የተወካዮቹ ምክር ቤት በ2023ም በ2025ም ሕጉ እንዲሻር ድምፅ ሰጥቷል፤ በፍርድ ቤትም ክርክር ተነሥቶበታል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሕጉ በዚያን ቀን ያለበትን ሁኔታ ከምርጫ ቦርዱ ጠይቁ፤ በተለይ የዜግነት ማመልከቻ የምታስገቡ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ምንም አትፈርሙ። ቃል ለመስጠት ግን ዜግነት አይጠየቅም። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽነር የሚባሉትም አሉ፤ እያንዳንዳቸው 2,000 ያህል ነዋሪ ይወክላሉ፣ ደመወዝ የላቸውም፣ የኮሚሽናቸውን ምክር ግን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ክብደት እንዲሰጡት ሕግ ያስገድዳል። በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ደግሞ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ባለፈው ሰሞን ናሽናል ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ይህንኑ ለአንድ ታላቃችን አጫወትኳቸው። ጋሼ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው።

“አንተ ልጅ፣ ሦስት ደቂቃ ምን ይበቃል? የኔ ሰላምታ ብቻ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል” አሉኝ።

“ሰላምታውን ቤት ትተውት ይምጡዋ፣ ጋሼ!”

ሳቁ። ቆየት ብለው ግን ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ የመብራቱ ምሰሶ ጨልሞ ሁለት ክረምት እንዳለፈው፣ ባለቤታቸው ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ በጓሮ በኩል መግባት እንደፈሩ፣ ለማን እንደሚነገር ግን እንዳላወቁ አጫወቱኝ። ስልኬን አውጥቼ 311 ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ በመካከላችን አስቀመጥኩት። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅን። ሙዚቃው እየተጫወተ ስንጠብቅ አንዲት ሴት “ጤና ይስጥልኝ” ብላ ገባች። ጋሼ ደንግጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። የመንገዱን ስም፣ የምሰሶውን ቁጥር ተናገሩ፤ ቁጥሩን ካወቁት ቆይተዋል ለካ። የማመልከቻውን ቁጥር ስትሰጣቸው ከኋላችን ክላክስ ተነፋ፤ ተራቸው ደርሶ ነበር። ቁጥሩን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፌ በመስኮት አቀበልኳቸው።